የመናፈሻው በጀትና የአዛውንቱ ጉልበት

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ አቡነ ጴጥሮስ አደባባይ በሚወስደው አቅጣጫ አትክልት ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከቦታው ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወጣም። አራዳ ሲፈርስና ሲሠራ፣ መንገዱ ሲሰፋና አበባ ሲተከልበት፣ እኔን ሲያሳስበኝ የኖረው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ሁሉ ውበት መካከል የሰባ ዓመት ሰው የት ይቀመጣል? ጥያቄውን ለሦስት የምናብ ሰዎች ሰጥቼ አነጋገርኳቸው። አንደኛው ከማዘጋጃ ቤት በቀያሽነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሁለተኛዋ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ፕሮፖዛል የምትጽፍ ወጣት ናት። ሦስተኛዋ፣ ኋላ ላይ የሚመጡት፣ ዕድሜያቸውን በአትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያከፋፍሉ የኖሩ እናት ናቸው።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ላማክርዎ ነው። መናፈሻዎችን ለአረጋውያን ምቹ ለማድረግ የሚውል ድጎማ ተገኝቷል፤ ፕሮፖዛል ልጽፍ ነው። ቦታው እዚሁ አትክልት ተራ አካባቢ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ቅጹ ሲጀምር «ችግሩ ምንድን ነው?» ይላል። እሱን ከእርስዎ ልስማ።

ጡረተኛው፦ መጀመሪያ አረፍ በይ። የት ትቀመጫለሽ?

ባለሙያዋ፦ እዚሁ፣ ድንጋዩ ላይ።

ጡረተኛው፦ እኔ ቆሜ ላጫውትሽ። መቀመጫው ያምራል፣ አልካድኩም፤ ግራናይቱ ተወልውሎ ያበራል። ግን መደገፊያ የለውም፣ ክንድ ማሳረፊያ የለውም፣ ከፍታውም ከጉልበቴ በታች ነው። አንቺ ስትነሺ በእግርሽ ትነሻለሽ። እኔ የምነሣው በእጄ ነው። እጄን የማሳርፍበት ከሌለ ከዘራዬን ተክዬ ደጋግሜ እሞክራለሁ፤ አልሆን ሲለኝ የሚያልፍ ልጅ እጁን እስኪሰጠኝ እጠብቃለሁ። ሰው ፊት እንደዚያ መሆን ያሳፍራል። ስለዚህ አልቀመጥም። ካልተቀመጥኩ ደግሞ ሩቅ አልሄድም፤ ሩቅ ካልሄድኩ ከቤት አልወጣም። ችግሩ ይሄ ነው፣ ጻፊው።

ባለሙያዋ፦ ከፍታውን ስንት ልበለው?

ጡረተኛው፦ ከመሬት እስከ መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ከኋላ መደገፊያ፣ ከግራና ከቀኝ ክንድ ማሳረፊያ። እንጨት ቢሆን ይመረጣል፤ የሌሊቱ ብርድ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያነጋው፣ ጠዋት ላይ ወገብ የሚያመው ሰው ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ዞር በይና እዚያ ደረጃውን ተመልከቺ። ሦስት ብቻ ነው። ወጣት ሰው ደረጃ መኖሩንም ልብ አይልም። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጠቅላላው 45 ይመጣል። ባለ ዊልቸርም ባለ ከዘራም ያለ ጭንቅ እንዲወጣ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም ዘንበል ያለ መንገድ ያስፈልጋል፤ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የታወቀ ልክ ነው። ለዚህች ለ45ቷ 5 ሜትር ከ40 ይበቃል። ያንን የአበባ መደብ ጠጋ ቢያደርጉት ይገባል። ዕድሜዬን ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቦታ አልጠበበም፣ ያሰበው ሰው ነው የጠፋው። መያዣ ብረትም በሁለቱም ጎን ይሁን፤ ስትሮክ የመታው ሰው ግራ እጁ ይሁን ቀኝ እጁ የሚሠራለት በምን ይታወቃል?

ባለሙያዋ፦ የንጣፉ ነገርስ?

ጡረተኛው፦ እሱን በሐምሌ ነይና እዪው። የሚያንሸራትት ንጣፍ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ወጣቱም ይጠነቀቃል። ለእኔ ቢጤ አንድ መውደቅ ማለት የዳሌ አጥንት ነው። ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ በፊቱ አይመለስም። ሻካራ ድንጋይ ይነጠፍ፤ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ ምን ጎደለው?

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ሕግ የለም እንዴ? በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 አለ። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና በእግራቸው ቢሄዱም ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ ይኑረው ይላል፤ መጸዳጃ ቤቱንም እንደዚሁ።

ጡረተኛው፦ ጥሩ አንቀጽ ነው። ግን ስለ ሕንፃ ነው የሚያወራው። የመናፈሻውን ካፌ በዚያ አንቀጽ ልትጠይቂበት ትችያለሽ። በአበባው መሐል ያለውን መንገድ፣ መቀመጫውን፣ የመግቢያውን ጠርዝ በምን ትጠይቂያለሽ?

ባለሙያዋ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። የአፍሪካ ኅብረትም ጥር 2008 ላይ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ አረጋውያን መብት ፕሮቶኮል አጽድቋል፤ በመዝናኛ ስለ መሳተፍም፣ ለአረጋውያን ተደራሽ ስለሆነ አካባቢም ይናገራል።

ጡረተኛው፦ እንግዲህ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ላይ ነው ነገሩ ያለው። አቅሙ እንዳለ በዓይናችን አይተናል። ለመናፈሻ ገንዘብ የጠፋበት ዘመን አይደለም ያለነው።

ባለሙያዋ፦ እሱስ እውነት ነው። ግንቦት 11 ቀን 2011 «ገበታ ለሸገር» የተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ሲዘጋጅ አንድ ሰው ለመታደም 5 ሚሊዮን ብር ከፍሏል። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክቱ ሲታወጅ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚያካትትና 29 ቢሊዮን ብር እንደሚፈጅ ነበር የተነገረው። የቻይና መንግሥት ድጋፍም ተጨምሮበት ወዳጅነት ፓርክ ለ2013 ዘመን መለወጫ ዋዜማ ተመረቀ። እንጦጦ ተከተለ። የካቲት 2016 ደግሞ እዚሁ ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፤ ኮሪደር ልማቱም ወዲያው ቀጠለ።

ጡረተኛው፦ ሐሰት አልናገርም፤ ወዳጅነትን ልጆቼ ወስደውኝ አይቼ ደስ ብሎኛል። እኛ በወጣትነታችን ሐምሌ 19 ነበረን፣ አምባሳደር ነበረን፣ ብሔረ ጽጌ ነበረን፤ ኋላ ብዙዎቹ ተጎሳቆሉ። ዛሬ ብርሃን አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ይሄን የሚያቃልል ሰው የድሮዋን ከተማ አያውቃትም። እንጦጦን ግን አንድ ጊዜ አይቼ በቃኝ። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ይሳሳል፣ ልብ ድካም ያለበት ሰው ዳገቱን አይችለውም። ትልቅ ገንዘብ ትልቅ ነገር ሠራ፤ ሊሠራም ይገባል። የቀረው ትንሹ ነው። ፏፏቴ ሲሠራ ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። መያዣ ብረት ሲተከል ማን ሪባን ይቆርጣል? ለዚህ ነው ወደ ኋላ የሚቀረው። የሠሩት ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም።

ባለሙያዋ፦ የእኛ ድጎማ ታዲያ ትንሽ ነው። ከእነዚያ ጋር ሲነጻጸር የለም ቢባል ይቀላል። ይህን እያየሁ ነው መጻፉ የከበደኝ። በዚህች ገንዘብ ምን ይሠራል እላለሁ።

ጡረተኛው፦ ትንሽ መሆኑ ነው የሚበጀው። ትልቅ ቢሆን ኖሮ ኮንትራክተሩ ይቀድመን ነበር።

(እዚህ ላይ ሦስተኛዋ ደረሱ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ቀኑ 23 ነው፣ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥተው ነው።)

ነጋዴዋ፦ እንደምን ዋላችሁ። ጋሼ፣ ዛሬም ቆመው ነው?

ጡረተኛው፦ ቆሜ ነው። ነይ እስቲ፣ ይቺ ልጅ ስለ መናፈሻ ትጠይቀኛለች። አንቺ ትነግሪያታለሽ።

ነጋዴዋ፦ ኧረ እኔ ስለ ሽንኩርት እንጂ ስለ መናፈሻ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?

ባለሙያዋ፦ እትዬ፣ አሁን ከቅዳሴ ወጥተው የት ሊያርፉ ነው?

ነጋዴዋ፦ ይሄውልሽ! እሱን ነው እኔም የምለው። በየወሩ በ23 እመጣለሁ። ቤታችን ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ከሄድን ወዲህ መምጫዬ ያ ቀን ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የዶሮ ማነቂያም፣ የሠራተኛ ሠፈርም፣ የእሪ በከንቱም ሰው በዚያ ቀን ይመጣል። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ወደ በኒን መስጊድ ይመጣሉ። ታክሲ ቀይረን፣ ተሰልፈን፣ ደክመን ነው የምንደርሰው። ከዚያ ቅዳሴው ሲያልቅ ወዲያው መመለስ አለ? ሰው መጠየቅ አለ፤ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የእገሊት ልጅ አገባች ወይ። ድሮ ይሄን የምናወራው በየደጃፋችን ነበር። አሁን ደጃፍ የለንም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አፀድ ስር እንቀመጣለን፤ ውጪ ግን ቆመን አውርተን ቆመን እንለያያለን።

ባለሙያዋ፦ ይሄንን አልጻፍኩም ነበር። እኔ የጻፍኩት «በአካባቢው የሚኖሩ አረጋውያን» ብዬ ነው።

ጡረተኛው፦ አስተካክዪው። እዚህ የሚቀመጡት አብዛኞቹ አሁን እዚህ አይኖሩም። መናፈሻው ላልተነሣነው ለጥቂቶቻችንም፣ ተነሥተው ተመልሰው ለሚመጡትም ነው። ስለዚህ መቀመጫው ታክሲው ከሚያወርድበት እስከ ጊዮርጊስ በር ባለው መንገድ ላይ ይደርደር። በመናፈሻው ግቢ ውስጥ ብቻ ቢሆን ግማሹ ሰው አይደርስበትም።

ነጋዴዋ፦ ገበያችንም እንደዚሁ ነበር የሄደው። በ2012 ኮሮና ሲገባ መጨናነቁ ያሰጋል ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ሄድን። ክረምቱን በጭቃ አሳለፍን። በዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው ለበዓሉ ይጽዳ ተባለ፤ ወደ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት ሄድን። እኔ እዚያ ብዙ አልቆየሁም፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። ልጄ ተረክባኛለች።

ጡረተኛው፦ ለነገሩ የአራዳ ገበያ ሲነቅሉት የመጀመሪያው አይደለም። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ መርካቶ የገፋው ጣሊያን ነው። የገበያ ሰው መነሣት ለምዷል። ሽማግሌ ግን እንደ ዕቃ አይነሣም፤ የተዋወቀው ሰው በአንድ ቀን ነው የሚበተንበት።

ባለሙያዋ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎ። መናፈሻ ሲሠራ ምን ይቅደም ይላሉ?

ነጋዴዋ፦ ሽንት ቤት።

ባለሙያዋ፦ ከመቀመጫውም በፊት?

ነጋዴዋ፦ ከመቀመጫውም በፊት! ልጄ፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ ይገባሻል። እኔ 23 ስመጣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። ስኳር አለብኝ፤ ሐኪሙ ውሃ ጠጪ ይለኛል። ግን ጠጥቼ የት ልሂድ? ወንዱስ የሆነች ግድግዳ አያጣም፤ እሱም ነውር ነው፣ ግን አያጣም። ሴት ልጅ፣ ያውም አሮጊት፣ ነጠላዋን ሰብስባ የት ትገባለች? ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ሳልጠጣ ሽንት ቤት አሳዩኝ ማለት ይከብደኛል። አስፈቅጄ ብገባም የአገራችን ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ጉልበቴ አይታጠፍም። ከታጠፈም አይዘረጋም። ስለዚህ እየጠማኝ እመጣለሁ፣ እየጠማኝ እመለሳለሁ። ራሴን የሚያዞረኝ ለምን እንደሆነ ልጆቼ አይገባቸውም።

ጡረተኛው፦ የወንዱም ነገር እንደምትይው ቀላል አይደለም። ፕሮስቴት የሚባል ነገር አለ። በየግማሽ ሰዓቱ ነው የሚያስነሣኝ። መጸዳጃ ቤት የሌለበት መናፈሻ ለእኔ የተዘጋ መናፈሻ ነው፤ በሩ ቢከፈትም።

ባለሙያዋ፦ ስለዚህ የሚያስቀምጥ መጸዳጃ፣ ከጎኑ መያዣ ብረት፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት...

ጡረተኛው፦ ወደ ውጭ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር በሰውነቱ ይዘጋዋል፤ ማንም አይደርስለትም። ውሃ ሲጠፋ የሚያገለግል በርሜልም አስቢ፤ በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ የሌለው መጸዳጃ ቤት በሳምንቱ ይቆለፋል፤ አንዴ ከተቆለፈ ቁልፉ ያለበትን ሰው ማግኘት አይቻልም።

ነጋዴዋ፦ ቀጥሎ ሻይ። ቡና። አንዲት ሴት ጀበናዋን ጥዳ ትቀመጥ። ውበት ታበላሻላችሁ ብለው ባለ ጀበናዎቹን እያባረሩ ስንት መናፈሻ ጭር አለ። አሮጊት ለብቻዋ ውሃ ሲፈናጠቅ ለማየት ታክሲ ቀይራ አትመጣም። ሰው ያለበት ነው የምትመጣው፤ ሰው ደግሞ ቡና ያለበት ነው የሚሰበሰበው። መናፈሻው ውስጥ ሻይ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ካፌ ቢኖርም የእኔ ቢጤ አይገባበትም።

ባለሙያዋ፦ ይሄ በለጋሾቹ ቅጽ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም።

ጡረተኛው፦ ቦታ ፈልጊለት። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

(ይህን ስጽፍ እኔም ከእትዬ ጎን ነኝ። ብዙ የተደከመባቸው መናፈሻዎች አዛውንት የማይታዩባቸው በደረጃው ብቻ አይመስለኝም። የሚያውቁት ሰው አይገኝባቸውም።)

ባለሙያዋ፦ የውጭውን ልምድ ስፈልግ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው የአሜሪካኖቹ ነው። ኤኤአርፒ የሚባል ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ሰዎች ማኅበር አለ። ከ2017 እንደ አውሮፓውያኑ ጀምሮ በየዓመቱ ለትንንሽ የሠፈር ሥራዎች ድጎማ ይሰጣል። መቀመጫ፣ ጥላ፣ የእግረኛ ማቋረጫ፣ የመናፈሻ መንገድ የመሳሰሉ፤ በዚያው ዓመት ውስጥ ተሠርተው የሚያልቁ። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም፣ ግን ቶሎ ይደርሳል፤ ሥራው ሲያልቅም ሠፈሩ በዓይኑ ያየዋል።

ጡረተኛው፦ ይሄን ነው እኔ ትንሽ መሆኑ ይበጃል የምልሽ። ሁለተኛውስ?

ባለሙያዋ፦ የሐራሬው ነው፣ ዚምባብዌ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በ2006 እንደ አውሮፓውያኑ የጀመረው። አገሩ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ የሠፈር አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ፤ የተጨነቀ ሰው መጥቶ ከአያቲቱ ጋር ይቀመጣል፣ ያወራል፣ እሷ ታዳምጠዋለች፣ መላ እንዲፈልግ ታግዘዋለች። ከአሥር ዓመት በኋላ በታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት በርግጥ እንደሚያግዝ አሳየ። «የወዳጅነት ወንበር» ነው የሚሉት።

ነጋዴዋ፦ ይሄማ የእኛው ነው። ስንቱን ያስታረቅነው አትክልት ተራ ሣጥን ላይ ተቀምጠን አይደል? ባልና ሚስት፣ ተሸካሚና ደላላ፣ አበዳሪና ተበዳሪ። ሌሊት አይሱዙው ከመቂ ቲማቲም ጭኖ ሲገባ የሚጣላ አይጠፋም፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቃል። የሚቀመጥበት ስላለ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ይሄን እንደ ምክንያት ጻፊው። ለአዛውንት መቀመጫ ስትሰጪ ለሽማግሌ ብቻ አትሰጪም፤ የሚያስታርቅ ሰው ለሠፈሩ ትመልሺለታለሽ።

ባለሙያዋ፦ አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ገንዘቡን ማን ይያዘው? ወረዳው ቢይዘው ከሌላው በጀት ጋር ይቀላቀላል። እኛ ብንይዘው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እንሄዳለን።

ነጋዴዋ፦ እድር ይያዘው።

ባለሙያዋ፦ እትዬ፣ እኔም ወድጄው ነበር። ነገር ግን በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርና እቁብን አያካትትም። ለጋሹ ደግሞ የምዝገባ ሰርተፍኬት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የኦዲት ሪፖርት ይላል። እድሩ በወረዳ የተሰጠው ወረቀት ይኖረዋል፤ ለጋሹ ግን በዚያ አይረካም።

ጡረተኛው፦ ያው አዋጅ ግን ከፊተኛው ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 621 ጊዜ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ስለ መብት መናገር አይችልም ነበር። ወንበር መስጠት ይችላል፤ ወንበር መብቴ ነው ማለት አይችልም። ያ ቀርቷል። እንግዲህ ድርጅትሽ ውሉን ይፈርም፣ ኦዲቱን ይያዝ፤ እድሩ ደግሞ ይወስን። ምን ይገዛ፣ የት ይተከል፣ ማን ይሥራው የሚለውን እድሩና የሠፈሩ የጡረተኞች ማኅበር ይምረጡ። ከእነሱ ፊርማ ውጪ ክፍያ አይውጣ።

ነጋዴዋ፦ እድር ወንበር ያውቃል። ድንኳን ያውቃል። ለለቅሶ ስንት አግዳሚ ገዝተን፣ ቀለም ቀብተን፣ ቆጥረን አውጥተን ቆጥረን እንመልስ ነበር። አንድም አይጠፋም፤ የሰበረ ይከፍላል። የእኛ እድር ሰው ሲበተን ዕቃው መጋዘን ቀረ፤ አባሉ ግን ወርኃዊውን ዛሬም ይከፍላል። ለሞታችን የከፈልነውን ያህል በሕይወት እያለን ለምንቀመጥበት ብንከፍል ምን አለበት? ከጎናችን የሚቆም ካገኘን እኛም እናዋጣለን።

ባለሙያዋ፦ ለጋሾቹ «የማኅበረሰብ መዋጮ» የሚሉት ይሄ ነው። ብዙ ነጥብ ያስገኛል።

ጡረተኛው፦ ለነጥቡ ብለሽ አትጻፊው። እውነት ስለሆነ ጻፊው። አሁን እኔን የሚያሳስበኝ ከተሠራ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ድጎማ ለመሥሪያ እንጂ ለመጠበቂያ አይሰጥም። መጸዳጃ ቤቱ ይሠራል፤ የሚያጸዳው ሰው ደሞዝ የለውም። ከዓመት በኋላ ብትመጪ በሩ ተገንጥሎ ታገኚዋለሽ።

ባለሙያዋ፦ ለዚህ አንድ ነገር አስቤ ነበር። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት አለ። ሲነደፍ ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ የሚሆኑት መሥራት የሚችሉ ሆነው በአካባቢ ጽዳትና ልማት እንዲሠሩ፣ 16 በመቶዎቹ ደግሞ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሆነው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ነበር። የሚያጸዱት ሰዎችና የሚቀመጡት አረጋውያን አንድ መዝገብ ላይ ናቸው ማለት ነው። ወረዳው ለመናፈሻው ሁለት ሰው ቢመድብ...

ጡረተኛው፦ ቢመድብ ሳይሆን፣ ውሉ ላይ ይግባ። ወረዳው ሁለት ሰው ለመመደብ ካልፈረመ መጸዳጃ ቤቱ አይሠራ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ለጥገና ለብቻው ይቀመጥ፤ አምፖል ይቃጠላል፣ ቧንቧ ይሰበራል፣ የእንጨቱ ቀለም ይለቃል። ለአንድ ሁለት ወንበር የሚሆን ገንዘብ ቢቀነስም ለጥገናው ይሁን እላለሁ። አሥር ወንበር ተሠርቶ ከሚበላሽ ስምንት ይሠራና ይኑር።

ነጋዴዋ፦ ሚዛን ያለው ንግግር ነው።

ባለሙያዋ፦ ርክክቡስ? ኮንትራክተሩ ሲጨርስ መሐንዲስ ይፈርማል፣ ክፍያ ይወጣል። የተለመደው እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው፦ መሐንዲሱ ልኩን ይፈትሻል፤ ጉልበቱን ግን ማን ይፈትሽ? በርክክቡ ቀን አራት አዛውንት ይጠሩ። አንዱ በከዘራ፣ አንዱ በዊልቸር፣ አንዷ ዓይኗ የደከመ፣ አንዷ ጉልበቷ የማይታጠፍ። ታክሲው ከሚያወርድበት ተነሥተው መቀመጫው ድረስ ይሂዱ። ይቀመጡ፣ ይነሡ። መጸዳጃ ቤቱን ገብተው ይጠቀሙበት፣ በሩን ራሳቸው ይዝጉ፣ ራሳቸው ይክፈቱ። ሰው ሳይረዳቸው ይሄን ካደረጉ ይፈረም። አንዷ ካልቻለች ኮንትራክተሩ አስተካክሎ ይመለስ። ብትፈልጊ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ነጋዴዋ፦ ጉልበቷ የማይታጠፈው እኔ ነኝ። በ23 ይሁን እንጂ፤ ሌላ ቀን ታክሲው ይከብደኛል።

ባለሙያዋ፦ ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ። ችግር፣ ቦታ፣ መጸዳጃ፣ መቀመጫ፣ ቡና፣ የእድሩ ፊርማ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የጥገና ገንዘብ፣ የአራቱ አዛውንት ርክክብ። ለጋሹ ቡናውን ባይወደውስ?

ጡረተኛው፦ ባይወደው ለጋሹን አምጪው፤ እኔና እሷ እናነጋግረዋለን።

ነጋዴዋ፦ አምጪው። ቡና እኔ አፈላለሁ።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ እንግዲህ ይህ ድጎማ ቢከለከልስ? ሁሌ አይሰጡም እኮ።

ጡረተኛው፦ ቢከለከልም ወረቀቱን አትጣዪው። ለክፍለ ከተማው ስጪው፣ ለወረዳው ስጪው፣ በኮሪደሩ ላይ ለሚሠሩት መሐንዲሶች ስጪው። ሥራው ገና አላለቀም፤ አዲስ የሚነጠፍ መንገድ፣ አዲስ የሚተከል መቀመጫ አለ። ሳይነጠፍ ቢስተካከል ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ከተነጠፈ በኋላ ቆርጦ ማስተካከል ነው የሚወደደው። በየዓመቱ መስከረም 21 ደግሞ የአረጋውያን ቀን ይከበራል። በየመሥሪያ ቤቱ ባነር ይሠራል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ አዳራሽ ይከራያል። ለዚያ በጀት የሚይዙ ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ እለምናቸዋለሁ፦ የዘንድሮውን ገንዘብ መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ግዙበት፤ ከአትክልት ተራ እስከ ጊዮርጊስ በር ባለው መንገድ ላይም ትከሉልን።